ግኝቱ ተገኘ፤ ከዚያስ?



ዘመኑ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር 1964 ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም ካልገለጽሁ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ አንድ ወጣት ሳይንቲስት አድዋ ውስጥ ወንዝ ወርደው ቀንድ አውጣ ያጠናሉ። ስማቸው አክሊሉ ለማ ይባላል። የሚያሳስባቸው ቢልሃርዚያ ነው። የዚህ በሽታ ትል የሚራባው በውሃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ልጅ ሲዋኝ፣ እናት ውሃ ስትቀዳ፣ ገበሬ መስኖ ሲያጠጣ። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ የሕይወት ዑደት ይቋረጣል።

አክሊሉ በዚያ ወንዝ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቷል። በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲያ አይደለም። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ ቀንድ አውጣዎች በሕይወት ከሚገኙበት ዕቃ ላይ እንድታፈስላቸው ለመኑ። አፈሰሰች፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እንዶድን ለዚህ ጉባኤ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ከመካከላችን እናቱ ወይም አያቱ ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ስታነጣ ያላየ ጥቂት ነው። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተመትቶ አረፋ ሲያወጣ አብረን አድገናል። በዚያ አረፋ ውስጥ በዓለም ላይ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ከሚያሠቃይ በሽታ ጋር የሚታገል ኃይል እንዳለ ለማየት ግን ሁለት ዕውቀቶች አንድ ወንዝ ዳር መገናኘት ነበረባቸው። አንዱ የሴቶቹ፣ ሁለተኛው የሳይንቲስቱ።

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ አገሮች ፈጠራንና የኅብረተሰብ ዕድገትን እንዴት ያበረታታሉ የሚል ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ፈጣሪ ሰው እንዴት እናፍራ፣ ወጣቱን እንዴት እናነቃቃ እያልን ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን አድዋ ላይ ከ60 ዓመት በፊት ተመልሷል። ሰውም ነበረ፣ ግኝትም ነበረ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ግኝቱ ከተገኘ በኋላ አገር ምን ታደርጋለች?

ታሪኩን ልቀጥል። በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹ አክሊሉ ነበሩ። ዛሬ ኢንስቲትዩቱ በስማቸው ይጠራል። ሌላው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዓይነቶች አሰባስበው እያበቀሉ፣ እያነጻጸሩ፣ የትኛው ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥና የትኛው ቀንድ አውጣን አጥብቆ እንደሚገድል ፈተሹ። ዓይነት 44 ተብሎ የሚታወቀው እንዶድ የተመረጠው በዚህ አድካሚ ሥራ ነው። ይህን በተለይ ለተማሪዎች አሠምርበታለሁ። አንዱ አስተዋለ፤ ሌላው ዓመታት ወስዶ ዘርና ችግኝ እየለየ ግኝቱን ገበሬ ሊያመርተው ወደሚችል ነገር አቀረበው። የሁለተኛው ሥራ ዜና አይሆንም፤ ያለ እርሱ ግን የመጀመሪያው ወንዝ ዳር ይቀራል።

ከዚያ እዚያው አድዋ ላይ ለ5 ዓመታት የቆየ የመስክ ሙከራ ተደረገ። ከተማይቱ የምትጠቀምባቸው ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት ባልበለጠ ሕፃናት ዘንድ 50 በመቶ የነበረው የበሽታው ስርጭት ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአገር ልጆች የተመራ፣ በአገር ተክል የተሠራ፣ የአገር ችግርን የቀነሰ ሥራ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ወንዝ ሲልኩ የሚፈሩት ነገር በዐይናቸው እያዩት ቀነሰ።

ከዚህ ወዲያ እንዶድ በየክፍለ ሀገሩ መልማት፣ በየጤና ጣቢያው መታደል ነበረበት። አልሆነም። ለምን አልሆነም የሚለውን በጥንቃቄ ልናየው ይገባል፤ ምክንያቱም መልሱን ለአንድ ወገን ጥፋት ሰጥቶ መገላገል ቀላል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች ጥርጣሬ ነበራቸው። እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት እንደማያስከትል ጥብቅ ደንብ በሚከተል፣ በታወቀ ቤተ ሙከራ እንዲረጋገጥ ፈለጉ። አክሊሉ በአፍሪካ የተሠራ ምርምር እንደ ሌላው እምነት እንደማይጣልበት ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ ያንን የሚሉት ከቁጭት ነው፣ እኔም እውነታቸውን ነው እላለሁ። ሆኖም ጥያቄው ራሱ መሠረት ነበረው። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ የሚፈሰውም ሰው ከሚጠጣው ውሃ ነው። ማንኛውም ኃላፊነት ያለበት መንግሥት ሊጠይቀው የሚገባ ነው። የእኛ ጉድለት ሌላ ቦታ ነበር። ያንን ፈተና አገር ውስጥ ፈትኖ ዓለም የሚቀበለውን ማስረጃ የሚሰጥ ቤተ ሙከራ አልነበረንም፤ ከውጭ ለማስፈተን የሚያስፈልገውም ገንዘብ የነበረው በሌላ እጅ ነበር። በመጨረሻ የመርዛማነት ጥናቱን የደገፈው የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው። ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች በእንዶድ ጉዳይ ሉሳካ፣ ዛምቢያ ላይ የተሰበሰቡት በ1983 ነው። ከአድዋው ወንዝ እስከ ሉሳካ 19 ዓመት።

በዚያ መሐል ብዙ ነገር ተለውጧል። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ወጥቶ በሽተኛውን በአንድ ጊዜ መዋጥ ማከም ተቻለ፤ ዓለምም ፊቱን ወደ ክኒኑ አዞረ። በአገራችን ደግሞ አብዮት መጣ፣ ከዚያም ቀይ ሽብር። ስንት ምሁር እንደሞተ፣ ስንቱ እንደታሰረ፣ ስንቱ እንደተሰደደ የምታውቁት ነው። አክሊሉም ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ሠሩ። በ1989 እሳቸውና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን፣ ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። ዓለም አጨበጨበ። በኢትዮጵያ ወንዞች ግን ልጆች መታመማቸውን አላቋረጡም።

ቀጥሎ የመጣው ያማል። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ከውጭ የገባ ትንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት የውሃ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን እየደፈነ ብዙ ኪሳራ ያደርስ ነበር። አክሊሉ ኦሃዮ ውስጥ ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ እዚያም እንደሚሠራ ታየ። ከዚያም በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ መብት ባለቤትነት አወጣ። አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዝግበዋል። የአድዋ አጣቢዎች ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም። ኢትዮጵያ የፈጠራ ሥራን የሚጠብቅ አዋጅ ያወጣችው በ1995 ነው፤ የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅን ያወጣችው በ2006። እንግዲህ አስቡት፤ ግኝቱ ከተገኘ እስከ ሁለተኛው አዋጅ 42 ዓመት አልፏል። አክሊሉ ለማ በ1997 አርፈዋል።

አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አለመሆኑንም ልጨምር። ክኒኑ በሽተኛውን ይፈውሳል፤ ቀንድ አውጣው ከወንዙ ካልጠፋ ግን የተፈወሰው ልጅ ተመልሶ ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2017 ስለ ቀንድ አውጣ ማጥፊያዎች አጠቃቀም የመስክ መመሪያ አውጥቷል፤ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከመድኃኒቱ ጎን እንዲሄድ ዛሬ ይመክራል። አክሊሉና ለገሠ በወጣትነታቸው የያዙት መንገድ ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ቻይና ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እዚያ ተጀምሯል። በሰሜን ቬትናም ወታደሮች በወባ ያልቁ ነበርና ቻይና እንድትረዳቸው ጠየቁ። ግንቦት 23 ቀን 1967 አንድ ምሥጢራዊ የምርምር ዘመቻ ተጀመረ፤ በቀኑ ፕሮጀክት 523 ተባለ። በዘመቻው በደርዘን የሚቆጠሩ ተቋማትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመራማሪዎች ተካፈሉ። ከእነርሱ አንዷ ቱ ዩዩ የዶክትሬት ዲግሪ የላቸውም፣ ውጭ አገርም አልተማሩም። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን አገላብጠው በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረ ጌ ሆንግ የተባለ ሊቅ ከጻፈው ላይ አንድ ፍንጭ አገኙ። ፍንጩ ስለ አንድ ተክል ነው፤ ተክሉ የእኛ ጭቁኝና አሪቲ የቅርብ ዘመድ ነው። ጌ ሆንግ ተክሉን በውሃ ነክሮ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን አይናገርም። ቱ ዩዩ ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያበላሸው ጠረጠሩ፤ በ1971 በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አውጥተው በእንስሳት ላይ ሞከሩት፤ ተውሳኩ ጨርሶ ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ለበሽተኞች ከመስጠታቸው በፊት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ራሳቸው ቀመሱት። አርቴሚሲኒን የተገኘው እንዲህ ነው። ኖቤሉ የመጣው በ2015 ነው። በኢትዮጵያም ከ2004 ጀምሮ የወባ ሕክምና የተመሠረተው በዚሁ ተክል ልጅ በሆነ መድኃኒት ላይ ነው። እዚህ ካለነው መካከል በእርሱ የዳነ ወይም ልጁን ያዳነ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም።

ልዩነቱ የት ነው? የቻይና ሳይንቲስቶች ከእኛዎቹ የበለጠ ብልህ ነበሩ የሚል ሰው ቢኖር አልቀበለውም። ሰላም ስለነበራቸውም አይደለም፤ ያ ወቅት የባህል አብዮት ዘመን ነው፣ ምሁራን ይዋረዱ፣ ይደበደቡ ነበር። ዓለምም ቶሎ አልተቀበላቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአርቴሚሲኒን ላይ የተመሠረተ ጥምር ሕክምናን በስፋት የመከረው በ2001 ነው፣ 30 ዓመት ያህል ቆይቶ። ሆኖም በእነዚያ 30 ዓመታት ሥራው ከሰው ወደ ሰው፣ ከተቋም ወደ ተቋም ይተላለፍ ነበር። አንዱ ተክሉን አወጣ፤ ሌላው የሞለኪሉን ቅርጽ አወቀ፤ ሌላው ወደ ተሻለ መድኃኒት ለወጠው፤ ፋብሪካ አመረተው። ፈላጊም ነበረ፤ መንግሥት ለወታደሩና ለገበሬው ያስፈልገኛል ብሎ ይጠብቅ ነበር። እንዶድ ይህ ጠፍቶበታል። በአብዛኛው የተሸከሙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሰዎቹ ሲርቁ ሥራውም ራቀ።

የእኛ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በተወለደበት በዚያው በ1966 ደቡብ ኮሪያም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቁማለች። ከጦርነቱ 13 ዓመት ብቻ አልፎ ነበር፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋበት ምድር ገና ደሃ ነበር። ኮሪያውያን ለኢንስቲትዩቱ ከተራው ቢሮክራሲ የሚጠብቀው የራሱ ሕግ አወጡለት። ውጭ አገር የሚሠሩ ልጆቻቸውን በደህና ደመወዝና በመኖሪያ ቤት ጠሯቸው። መጀመሪያ ያደረጉትም ፋብሪካዎች ምን እንደሚቸግራቸው መጠየቅ ነው፤ ምርምሩ በውል የሚሠራ፣ ከፋይ ያለው ሆነ። የያኔው የኮሪያ መሪ የፓርክ ቹንግ ሂ አገዛዝ ወታደራዊ ነበር፤ ያንን እንድናደንቅ አላሳስብም። ምርምር እንዲቀጥል ተቋሙን ከፖለቲካ ማዕበል መከለል እንደሚቻል ግን አሳይተዋል። የእኛው ኢንስቲትዩት በተመሠረተ በ8 ዓመቱ ያገኘው ማዕበል እንዴት ያለ እንደነበረ ተናግሬአለሁ።

እስካሁን ያወራሁት ቁጭት ይመስል ይሆናል። ስለዚህ እኛው አገር ውስጥ የተሳካ ነገር ልንገራችሁ፤ በየቀኑ መሶባችን ላይ አለ።

የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቃ ነው፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ለረጅም ጊዜ ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈትበትን ሰዓት ደረሱበት። ማለዳ ነው፤ በእኛ ሰዓት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ምናልባት አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ። በዚያች ሰዓት ተመራማሪው በማጉያ እያየ፣ በጥንቃቄ ወንዴውን ነቅሎ የሌላውን ዱቄት ማድረስ ይችላል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከሚሊሜትር ካነሰ ነገር ጋር መታገል ግን ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ሄዳችሁ ብታዩ ትረዱታላችሁ።

በዚህ ዘዴ ከተወለዱት ዝርያዎች ጸደይ የተባለው በ1984 ወጣ። ከዚያ በ2006 ቁንጮ መጣ። ቁንጮ የሁለት ጤፎች ልጅ ነው፤ አንደኛው ብዙ ምርት የሚሰጥ፣ ሁለተኛው ገበያ የሚወደው ነጭ ፍሬ ያለው። አርሶ አደሩ ምርት ይፈልጋል፣ ከተሜው ነጭ እንጀራ ይፈልጋል፤ ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም አዳመጡ። ዘሩንም መጋዘን ውስጥ አላስቀመጡትም። ገበሬው ተውሶ ዘርቶ፣ ሲያመርት በዓይነት የሚመልስበት፣ የተመለሰውም ለሌላ ገበሬ የሚሰጥበት አሠራር ተዘረጋ። ቁንጮ ከገበሬ ወደ ገበሬ ሄደ።

የታረቀ በርሄ ማለዳ ከቁንጮ 30 ዓመት ይቀድማል። በእነዚያ 30 ዓመታት መንግሥት ተለውጧል፣ ረሀብ መጥቷል፣ ጦርነት ተካሂዷል። ደብረ ዘይት ያለው ማዕከል ግን አልተዘጋም። አንዱ ተመራማሪ ጡረታ ሲወጣ ሌላው መዝገቡንና ዘሩን ተረክቧል። ለእኔ ፈጠራን የምታበረታታ አገር ማለት ይህ ነው፤ መዝገቡን የሚረከብ ሰው ያላት አገር። እንዶድና ቁንጮ ከአንድ አፈር የበቀሉ ናቸው፤ አንዱ ተረካቢ አጣ፣ አንዱ ተረካቢ አገኘ።

የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ሥራም በዚሁ ዐይን ተመልከቱት። ከወለንኮሚ ተነስተው፣ ጅማና አለማያ ተምረው፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ደርሰው፣ ሱዳን ውስጥ ሠርተው ሃጊን ዱራ 1 የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ በ1983 አወጡ። ሱዳን ውስጥ ዘሩን የሚያባዛ በቂ ድርጅት አልነበረም፤ ስለዚህ ገበሬዎችን አስተባብረው ዘር ማባዛቱንም ሥራቸው አደረጉት። ኋላም ገበሬዎቻችን አቀንጭራ የሚሉትን፣ በማሽላ ሥር ተጣብቆ የሚመጠምጠውን አረም የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አገኙ። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲቀበሉ ዓለም ያከበረው ግኝቱን ብቻ ነው ብዬ አላምንም፤ ዘሩ ገበሬው ማሳ ድረስ መድረሱንም ጭምር ነው።

ስለ ጤፍ ካነሳሁ አይቀር የባለቤትነቱን ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ውል ገቡ፤ ጤፋችንን ተጠቅሞ ከትርፉ እንዲያካፍል። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ኋላ ከሰረ፤ መብቱ ወደ ሌላ እጅ ዞረ፤ ለእኛ የገባው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ዱቄቱ አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ መብቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ አደረገው። ደስ ብሎናል። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ ሁለት የአውሮፓ ድርጅቶች ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በፍርድ ቤቱ አልቆመችም። በሺህ ዓመታት የገበሬ ጥበብ የተገነባ ነገር ላይ የፈረደልን የሌሎች ሰዎች ጠብ ነው። ሕግ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሕጉን ይዞ ውጭ አገር ፍርድ ቤት የሚቆም ባለሙያ ማሰልጠንና ደመወዝ መክፈል ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን አልሠራንም።

አንድ ነገር አስቀድሜ መናገር ሲገባኝ አቆይቼዋለሁ፤ እርሱም ክብር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በስድብ ስም ይጠሩ ነበር፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ይፈሩ፣ ይገለሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያንን የከለከሉት እጁን የሚጠላ ሕዝብ ዕቃውን ሁሉ ከውጭ ገዝቶ እንደሚኖር ስላዩ ይመስለኛል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ማንም በአደባባይ ቀጥቃጭ ብሎ አይሰድብም፤ ይሁንና ወላጅ ልጁ መካኒክ ወይም ብየዳ ሠራተኛ ልሁን ሲል ፊቱ የሚጠቁረው ለምንድን ነው? የአድዋዋ አጣቢ ስሟ ያልተመዘገበው ለምንድን ነው? ዕውቀቷ ዕውቀት ሆኖ ስላልተቆጠረ ነው። እጅ የሚያውቀውን የሚንቅ ኅብረተሰብ ግማሹን ተመራማሪውን አጥቷል ማለት ነው። ይህን አዋጅ አይፈታውም። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅ ከሸማኔ ቁጭ ብሎ የድርና የማግን ሒሳብ ቢማር፣ ከሸክላ ሠሪዋ የአፈር ምርጫን ቢጠይቅ፣ መምህሩም ያንን በፈተና ቢቆጥርለት፣ ትውልዱ ይለወጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የአፍሪካ አገሮች ከ1980ው የላጎስ የድርጊት መርሐ ግብር ጀምሮ ከጠቅላላ ምርታቸው 1 በመቶ ለምርምር እንመድባለን እያሉ ነው። አብዛኞቹ፣ እኛም ጭምር፣ ከዚያ እጅግ በታች ነን። ኮሪያ ዛሬ 5 በመቶ ገደማ ታወጣለች። ገንዘቡ መጨመር አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔ የምጨነቀው ግን ያለችው ገንዘብ በምን ላይ እንደምትውል ነው። አንድ ተመራማሪ ጥናት ጀምሮ፣ መጣጥፍ አሳትሞ፣ የደረጃ ዕድገቱን ያገኛል፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ከመጣጥፉ በኋላ ያለው፣ ማለትም መርዛማነቱን ማስፈተን፣ ብዙ ሄክታር ላይ መሞከር፣ ዘር ማባዛት፣ መብት ማስመዝገብ፣ አምራች ማፈላለግ፣ የማንም የሥራ መዘርዝር ላይ የለም። እንዶድ የሞተው በዚህ ባዶ ቦታ ነው።

ባዶውን ቦታ ለመሙላት መጀመር ያለብን ከቤተ ሙከራ ነው ባይ ነኝ። ውጤቱን ናይሮቢም ሆነ ጄኔቫ የሚቀበለው፣ በዓለም አቀፍ ደንብ የሚመራ የደህንነት መፈተሻ ቤተ ሙከራ አንድ እንኳ ቢኖረን፣ ወደፊት የሚመጣው አክሊሉ ያን ያህል ዓመት አይጠብቅም። ውድ ነው። ብቻችንን ካልቻልን ከኬንያ፣ ከሱዳንና ከሌሎች ጎረቤቶቻችን ጋር እንሥራው። ቀጥሎ መንግሥት ገዢ ይሁን። የጤና ሚኒስቴር፣ የግብርና ሚኒስቴር፣ የውሃ መሥሪያ ቤቶች በያመቱ ብዙ ዕቃ ይገዛሉ። ከዚያ ላይ ጥቂቱ እንኳ ደረጃውን ላሟላ የአገር ውስጥ ግኝት አስቀድሞ ቃል ቢገባለት ነጋዴው ገንዘቡን ያወጣል፤ ባንክም ያበድራል። ገዢ የሌለውን ነገር እንዲያመርት ማንንም መለመን አይቻልም።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በሌላውም ዓለም የሚሠሩ ልጆቻችንን በተመለከተ ንግግራችን ብዙ ጊዜ ስለ ናፍቆትና ስለ አገር ፍቅር ነው። ኮሪያውያን በናፍቆት ብቻ አልጠሩም፤ ውል አቀረቡ። ቤተ ሙከራ፣ ረዳቶች፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ሥራውን በነፃነት የመምራት ሥልጣን። የሚመለሰው ሰው ሐሳቡን በመናገሩ እንደማይታሰር ማወቅም ይፈልጋል። ይህ ካልተረጋገጠለት የቀረው ሁሉ ቢሟላ አይመጣም፤ አልወቅሰውምም።

በመጨረሻ እዚህ ለተገኛችሁ የምክር ቤት አባላት አንድ ጥያቄ አለኝ። ተቋማት ዓመታዊ ሪፖርት ሲያቀርቡላችሁ ዘንድሮ ስንት ምርምር ተጀመረ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ቁጥር ይነገራችኋል፤ ይጸድቃል። እባካችሁ ሌላ ጥያቄ ጨምሩ። ከ5 ዓመትና ከ10 ዓመት በፊት የተጠናቀቁት ምርምሮች ዛሬ በማን እጅ ናቸው፣ የተረከባቸው ሰው ማን ነው፣ በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ፋብሪካ ይገኛሉ በሉ። መልስ የሌለውን ተቋም በጀቱን አትከልክሉት፤ ተረካቢ የሚቀጥርበትን ገንዘብ ጨምሩለትና በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ጠይቁት።